ሥልጠናው አሪፍ ነው፣ ውሉ ግን አይፈረምም

ሀዋሳ ላይ ልጃችሁን ኳስ ለማሠልጠን ካሰባችሁ ይቺን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። የእህቴ ልጅ 14 ዓመቱ ነው። ከተማችን ውስጥ ካሉት የታዳጊ እግር ኳስ አካዳሚዎች አንዱ ጋ አስገባነው፣ አሁንም እዚያው ይሠለጥናል። የቤቱን ስም አልጠራም። ተመሳሳይ ወረቀት ሌላ ቦታ የቀረበላቸው ወላጆች ስላገኘሁ ጉዳዩ የአንድ ቤት ብቻ አይደለም።

ከሥልጠናው ልጀምር፤ እሱ ላይ ቅሬታ የለኝም። በሳምንት ሦስት ቀን ነው፣ ሁለቱ ከትምህርት በኋላ፣ አንዱ ቅዳሜ ጠዋት። ክፍያው በወር 1,500 ብር። ሜዳው አቧራ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ በኩል ንፋስ ሲነሳ ዓይን አያስገልጥም። እሱን ትችሉታላችሁ። ኳስ በቂ አለ፣ ልጆቹ በዕድሜ ተከፋፍለዋል፣ ታኬታ ራሳችሁ ትገዛላችሁ።

ዋናው ግን አሠልጣኙ ነው። የሀዋሳ ልጅ ኳስ የሚራገጥበት ቦታ አያጣም፤ የሚያጣው ተረጋግቶ የሚያስተምረው ሰው ነው። ይሄ ኮች ልጅ አይሰድብም። አንድ ልጅ መሃል ያቆማል፣ ከፊት ለፊቱ ኳስ የሚያቀብለው ሌላ ልጅ አለ፣ ኮቹ ራሱ ደግሞ ከኋላ ሆኖ ጣቶቹን ያነሳል። ኳሷ እግሩ ጋ ከመድረሷ በፊት ልጁ በትከሻው ላይ ዞር ብሎ አይቶ «ሦስት!» ወይ «አንድ!» ብሎ መጮህ አለበት። ካልጮኸ ኳሷን የቱንም ያህል አሳምሮ ቢያቆማት አይቆጠርለትም። የእኛ ልጅ ሲገባ አቀርቅሮ ኳሷን ብቻ ነበር የሚያየው። አሁን ሰፈር ውስጥ ሲጫወት እንኳ ኳስ ሊደርሰው ሲል አንገቱ በራሱ ይዞራል። ለዚህ ብቻ ብሩ አይቆጨኝም።

ከዚያ ወረቀቱ መጣ። «ልጁ ተስፋ አለው፣ ወደ ልዩ ቡድን ልናሳድገው ነው፣ ወላጅ ይምጣና ይፈርም» ተባለ። እህቴ ደስታዋን አልቻለችውም፣ እዚያው ልትፈርም ነበር። «ቆይ ላንብበው» አልኳት። አራት ገጽ ነው፣ እያንዳንዱ ገጽ ላይ ማኅተም አርፎበታል። የውሉ ዘመን 8 ዓመት፣ ማለትም ልጁ 22 እስኪሞላው። ወርሃዊ ክፍያው እስከ 16 ዓመቱ ይቀጥላል፣ ወደ 3,000 ብርም ከፍ ይላል። ያለ አካዳሚው የጽሑፍ ፈቃድ ለትምህርት ቤቱ ቡድን እንኳ መሰለፍ አይችልም። ክለብ ካገኘ ከፊርማው፣ ከደሞዙና ከዝውውሩ 20 በመቶ ለአካዳሚው ይሄዳል። በመሃል ልውጣ ካለ «የሥልጠና ወጪ» ተብሎ 300,000 ብር ይከፍላል። አካዳሚው ግን በ15 ቀን ማስታወቂያ ሊያሰናብተው ይችላል፤ ከተዘረዘሩት ምክንያቶች አንዱ ደግሞ ጉዳት ነው።

«ጉልበቱ ቢጎዳ ማን ያሳክመዋል?» ብዬ ጠየቅኩ። ሥራ አስኪያጁ «እሱ የቤተሰብ ነው ጋሼ» አለኝ። በአክብሮት ነው ያናገረኝ፣ እሱን መመስከር አለብኝ። ቀጥሎም «ውጭ አገርም እኮ እንዲህ ነው፤ ቼልሲ ስምንት ዓመት ያስፈርም የለ? አሜሪካ ቤዝቦል ላይ የ14 ዓመት ውል የፈረመ ልጅ አለ» አለ።

ይሄ የቤዝቦል ነገር አልዋጥልህ አለኝ። ወንድሜ ዋሽንግተን ነው የሚኖረው፣ የከተማው ቤዝቦል ክለብ የናሽናልስ ደጋፊ ነው፤ ደወልኩለትና ማታውን ሙሉ ስለዚሁ ስናወራ አመሸን። ከዚያ በኋላ እኔም ራሴ ብዙ አነበብኩ።

ሥራ አስኪያጁ አልዋሸም። የ14 ዓመት ውል የፈረመው ፈርናንዶ ታቲስ ጁኒየር ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ሳን ዲዬጎ ፓድሬስ የተባለው ክለብ በ22 ዓመቱ በ340 ሚሊዮን ዶላር አስፈረመው። በ2022 አንድም ጨዋታ አልተጫወተም። መጀመሪያ ከሞተር ሳይክል አደጋ ጋር በተያያዘ የእጁ አንጓ ተሰብሮ ተቀመጠ፤ ሊመለስ ሲል ደግሞ በተከለከለ መድኃኒት ምክንያት 80 ጨዋታ ታገደ። እገዳ ላይ ያለ ተጫዋች ደሞዝ አያገኝም፣ ውሉ ግን አልተቀደደም። በ2023 ተመልሶ በመከላከል ብቃቱ የወርቅ ጓንት ሽልማት ወሰደ።

እዚያ ያለው አሠራር እንዲህ ነው። ወጣቱ ትልቁ ሊግ (የአሜሪካ ቤዝቦል ዋናው ሊግ) ከገባ በኋላ ስድስት ዓመት እስኪያገለግል ድረስ ነፃ ሆኖ ክለብ መምረጥ አይችልም። መጀመሪያ አካባቢ የሚከፈለው ወደ ዝቅተኛው ደሞዝ የተጠጋ ነው፤ እሱም በ2025 760,000 ዶላር ነበር። ስለዚህ ክለቡ የልጁ ዋጋ ሳይወደድ ዓመታቱን በረጅም ውል ቀድሞ ይገዛል፣ ልጁ ደግሞ ነገ አካሉ ቢከዳውም ቤተሰቡ እንደማይቸገር ያውቃል። ትልቁ ነገር ገንዘቡ ዋስትና ያለው መሆኑ ነው። ቢጎዳም ይከፈለዋል፣ አቋሙ ቢወርድም ይከፈለዋል፣ ክለቡ አልፈልግህም ብሎ ቢያሰናብተውም ይከፈለዋል።

ሮናልድ አኩንያ ጁኒየርን ውሰዱ። በ2019 በ21 ዓመቱ ከአትላንታ ጋር 8 ዓመት በ100 ሚሊዮን ዶላር ፈረመ። በ2021 የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ። እኛ ጋ ቢሆን «ኳስ አቁሟል» ተብሎ ይረሳ ነበር። እሱ ግን ታከመ፣ ደሞዙም አልተቋረጠም፣ በ2023 ደግሞ 41 ሆም ረን (ኳሷን ከአጥር ውጭ የሚያሳልፍ ምት) መትቶ፣ 73 ጊዜ ቤዝ ሰርቆ (በሩጫ ቀድሞ ወደ ቀጣዩ ማረፊያ ደርሶ) ትልቁ ሊግ ካሉት ሁለት ክፍሎች የአንዱ፣ የናሽናል ሊግ ኮከብ ተጫዋች ሆነ። ክለቡም አተረፈ። ጆን ሲንግልተን ደግሞ በ2014 ትልቁ ሊግ ላይ አንድ ጨዋታ ሳይጫወት ሂውስተን 5 ዓመት በ10 ሚሊዮን ዶላር አስፈረመው። አልተሳካለትም፣ ገንዘቡ ግን የእሱ ነበር። ዋንደር ፍራንኮ በ20 ዓመቱ ከታምፓ ቤይ ጋር 11 ዓመት በ182 ሚሊዮን ፈርሞ ከነሐሴ 2023 ጀምሮ በወንጀል ምርመራና ክስ ምክንያት ሜዳ አልገባም፤ የክለቡ ዕቅድ ሁሉ ተበላሸ።

እንግዲህ ረጅምና ውድ ውል ለወጣት ተጫዋች ያዋጣል ወይ ብትሉኝ፣ እኔ ያዋጣል ባይ ነኝ፤ ልጁ በትልቁ ሜዳ ራሱን ካሳየና አደጋውን የሚሸከመው ገንዘብ ያለው ወገን ከሆነ። እዚያም ቢሆን ልጁ የሚጎዳበት ጊዜ አለ። ኦዚ አልቢስ በዚያው 2019 ለአትላንታ 7 ዓመት በ35 ሚሊዮን ዶላር ሲፈርም በጣም ረከሰ ተብሎ ብዙ ተተችቷል። ሁዋን ሶቶ በ2022 ናሽናልስ ያቀረቡለትን 15 ዓመት በ440 ሚሊዮን ዶላር እምቢ አለ። ወንድሜ ያኔ ተናዶ ነበር። ክለቡ ለሳን ዲዬጎ አሳልፎ ሰጠው፤ ልጁ ግን በ2024 መጨረሻ ከኒው ዮርክ ሜትስ ጋር 15 ዓመት በ765 ሚሊዮን ተፈራረመ። መጠበቅ ለቻለ ትርፉ ይሄን ያህል ነው። የቸገረው ግን መጠበቅ አይችልም፣ እህቴም እስክሪብቶ ልታነሳ የነበረው ለዚህ ነው።

አሁን የእኛን ወረቀት ከዚህ ጋር አስተያዩት። ስምንት ዓመቱ አለ፣ ዋስትናው የለም። እዚያ የሚከፍለው ክለቡ ነው፣ እዚህ የሚከፍለው ልጁ። እዚያ ጉዳት ሲመጣ ውሉ ልጁን ይጠብቀዋል፣ እዚህ ማሰናበቻ ይሆንበታል። ደግሞ 14 ዓመት የሆነው ልጅ አካለ መጠን ስላልደረሰ የሚፈርምለት ወላጁ ነው፤ እስከ 22 ዓመቱ የሚታሰረው ግን እሱ። ፕሪሚየር ሊጉን ሁለት ጊዜ ያነሳው የከተማችን ክለብ ነገ ለሙከራ ቢጠራው፣ አካዳሚው ፈቃድ ካልሰጠ ዕድሉ አለፈ ማለት ነው። በመልቀቂያ ሰበብ ቤቱ የተቀመጠ ልጅ ያላየ የኳስ ሰው ያለ አይመስለኝም።

የ20 በመቶዋን ነገር ደግሞ አቅልላችሁ እንዳታዩ። ያው ታቲስ ትልቁ ሊግ ሳይገባ፣ ቀድሞ ጥሬ ገንዘብ ሰጥቶ ከወደፊት ገቢው ድርሻ ከሚወስድ ድርጅት ጋር ተፈራርሞ ነበር። 340 ሚሊዮኑን ሲፈርም የድርጅቱ ድርሻ ብዙ ሚሊዮን ዶላር ሆነ፤ በ2025 ድርጅቱን ፍርድ ቤት ከሷል። ያ ድርጅት እንኳ ቢያንስ ገንዘብ ሰጥቶት ነው። እኛን ግን በየወሩ እያስከፈሉ ነው ድርሻ የሚጠይቁን።

የቼልሲውም ቢሆን ሌላ ነገር ነው። በ2023 ሙድሪክ የተባለውን ተጫዋች ስምንት ዓመት ተኩል ሲያስፈርሙ የዝውውር ዋጋውን በሒሳብ መዝገባቸው ላይ ለብዙ ዓመት ማከፋፈል ይመቻቸው ነበር፤ ኡኤፋ በዚያው ዓመት ማከፋፈያውን በአምስት ዓመት ገደበው። ለተጫዋቾቹ ግን በየሳምንቱ ደሞዝ ይገባል። በፊፋ ደንብ ደግሞ ከ18 ዓመት በታች የሆነ ተጫዋች ከሦስት ዓመት በላይ የፕሮፌሽናል ውል መፈረም አይችልም። ሦስተኛ ወገን ከተጫዋች የወደፊት የዝውውር ገንዘብ ድርሻ እንዳይይዝም ከ2015 ጀምሮ ተከልክሏል። ይሄን ለሥራ አስኪያጁ በስልኬ አሳየሁት። «እኛ አካዳሚ ነን እንጂ ክለብ አይደለንም» አለ። ክለብ ካልሆኑ እንደ ክለብ ስምንት ዓመት ለምን ይይዙታል?

አካዳሚው ምንም አያግኝ እያልኩ አይደለም። ኳስ ይገዛል፣ ኮች ይቀጥራል፣ ሜዳ ይከራያል። ፊፋም ያሠለጠነውን አይረሳም፤ ተጫዋች በውል ዘመኑ ወደ ውጭ ክለብ ሲዘዋወር ከዋጋው 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል። በፌዴሬሽን ተመዝግበው በዚያ መንገድ ይሂዱ፣ ደስ ይለኛል። ወይም ውሉን ሁለት ዓመት አድርገው፣ ልዩ ቡድን የገባውን ልጅ ከወርሃዊ ክፍያ ነፃ ቢያደርጉት፣ ሜዳ ላይ ሲጎዳ ሕክምናውን ቢሸፍኑ፣ ከትምህርት ቤት ቡድኑም ባይከለክሉት በነጋታው እህቴን ይዤ ሄጄ አስፈርማታለሁ።

እኛ አልፈረምንም። ልጁ ልዩ ቡድን አልገባም፣ በመደበኛው ቡድን ቀጥሏል። ሁለት ቀን አኩርፎ ነበር፣ አሁን ተወው። ኮቹ ፊት አልነሳውም፣ እንደ በፊቱ ነው የሚያሠለጥነው፤ ለዚህ አመሰግነዋለሁ።

ለሥልጠናው ከአምስት አራት ተኩል እሰጣለሁ፣ ለውሉ ምንም። ለመመዝገብ የምታስቡ ቅዳሜ ጠዋት ሄዳችሁ ቆማችሁ እዩ፣ ማንም አይከለክላችሁም። በየወሩ ክፈሉ፣ ደረሰኝ ተቀበሉ። ወረቀት ካቀረቡላችሁ «ቤት ወስደን እናንብበው» በሉ። እምቢ ካሏችሁ ፎቶ አንሱትና ሕግ ለሚያውቅ ሰው አሳዩ። መጀመሪያ የምታነቡት የዓመቱን ብዛት ሳይሆን ልጁ ቢጎዳ ምን ይላል የሚለውን ይሁን፣ ቀጥሎ መልቀቂያ የሚሰጠው በምን ሁኔታ እንደሆነ እዩ። ሥራ አስኪያጁ «ለቀጣዩ ዓመት እናየዋለን» ብሎኛል። ካስተካከሉት እዚሁ እጽፍላችኋለሁ።