የመኪና መሪ ቆዳ ለተላጠባችሁ፣ ጠባሴ ያለውን ልጅ ልጠቁማችሁ

ሰላም የሰሜን ሸዋ ሾፌሮችና መኪና ያላችሁ ሁሉ። ደብረ ብርሃን ጠባሴ ውስጥ የወንበርና የመሪ ቆዳ የሚሰራ አንድ ወጣት አለ፣ ሳላመሰግነው ባልፍ ቅር ይለኛል፣ መሪያችሁ ተልጦ መላ ያጣችሁም ስለማትጠፉ ነው የምጽፈው።

የኔ ኮሮላ መሪው ኦርጅናል ሌዘር ነው፣ እጅ የሚያርፍበት ቦታ መጀመሪያ አብለጨለጨ ከዛ ቀለሙ ለቀቀ በኋላማ እየተላጠ ጣቴ ላይ ይቀር ጀመር። እኔ የምመላለሰው ሸዋሮቢት ነው፣ መንገዱን ታውቁታላችሁ፣ የጣርማ በርን ዋሻ አልፋችሁ ወደ ደብረ ሲና ስትወርዱ መሪውን ስታዞሩ ነው የምትውሉት፣ ጭጋግ ካለማ እጃችሁ እንዴት እንደሚጨብጠው እናንተው ታውቃላችሁ። ከ2,800 ሜትር በላይ ካለው ብርድ ተነስቶ ቆላ ሲገባ እጅ ያልባል፣ ላቡና ቅባቱ የቆዳውን ላይኛ ሽፋን ይበላዋል፣ ፀሀይ ላይ ሲቆም ደሞ ይደርቅና ይሰነጠቃል። ከዚህ በፊት አንድ ቦታ ወስጄው የጫማ ቀለም የመሰለ ነገር ቀቡልኝና ነጭ ጋቢዬን ሁሉ አጠቆረብኝ። ከቨር አልብሰው ያሉኝም ነበሩ፣ ልኩ ያልሆነ ከቨር ግን ኩርባ ላይ መሪው ላይ ይዞራል፣ ለዛ ቁልቁለት ጭራሽ አይሆንም።

ልጁ ጋ የሄድኩት አዲስ ቆዳ ላስለብስ ብዬ ነው፣ ብሩንም ይዤ ነበር። ቆዳውን በጥፍሩ ነካ ነካ አደረገና ስፌቱን በጣቱ እየተከተለ አይቶ "ጋሼ ይሄ ቆዳ አልሞተም፣ ላዩ ነው የሄደው፣ አዲስ አያስፈልግዎትም" አለኝ። ዝም ብሎ ቢያለብሰው እኮ የሚያገኘው ብር በጣም ይበልጥ ነበር! እንዲህ አይነት ሰው ዛሬ ከየት ይገኛል?

መጀመሪያ በሳሙና ውሃ በነጭ ጨርቅ አጠበው፣ ጨርቁ ቡና አተላ መሰለ፣ ከዛ የድሮውን ቀለምና ቅባት በአልኮል አነሳው፣ ቅባት ካለ ቀለም አይዝም አለኝ። ዳሽቦርዱንና ክላክሱን በወረቀት ፕላስተር ሸፍኖ የተላጠውን ጠርዝ በ600 ቁጥር ከዛ ይበልጥ በላመው በ1000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በስሱ አለሰለሰ፣ ስንጥቁን ሞላ፣ ሲደርቅ መልሶ አሸው። የገረመኝ ቀለሙን ያመሳሰለበት መንገድ ነው፣ መሪውን ገልብጦ ከታች በኩል እጅ ነክቶት የማያውቀውን ቦታ አየና ግራጫውን በዛ ልክ በጠበጠው። በስፖንጅ ስስ ስስ አድርጎ እየደራረበ በየመሀሉ በፎን ያደርቃል፣ መጨረሻ ላይ የማያብለጨልጭ መከላከያ ቀባው፣ የሚያብረቀርቅ መሪ ያንሸራትታል ብሎ።

ቆዳው እስከ ውስጥ ለተቀደደ ደሞ አሮጌውን ፈትቶ በሱ ልክ አዲስ ቆርጦ መሪው ላይ እንዳለ በእጁ ይሰፋዋል። አጠገቤ የነበረ ቪትዝ ላይ ሲሰራ አይቻለሁ፣ መሪውን ከመንካቱ በፊት የባትሪውን ኔጌቲቭ ነቅሎ ጠበቀ፣ ኤርባግ (ግጭት ሲኖር የሚነፋው ከረጢት) ያለበት መሪ ስለሆነ ሳይታሰብ እንዳይፈነዳ ነው። እባካችሁ ባትሪ ሳይነቅል ኤርባጉን ሊፈታ የሚነሳ ሰው ካያችሁ አስቁሙት።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ልጁ አይቸኩልም፣ መኪናውን ማሳደር ግድ ነው። ቀለሙም እጅ በሚበዛበት ቦታ ከጊዜ በኋላ ይደገማል ብሎ ራሱ ነግሮኛል፣ እድሜ ልክ ይቆያል ብሎ አልሸወደኝም። በቤንዚን ወይ በበረኪና እንዳትጠርጉት፣ ሳኒታይዘር እጃችሁ ላይ ሳይደርቅም አትንኩት፣ እርጥብ ጨርቅ ይበቃዋል፣ ፀሀይ ላይ ስታቆሙ የሆነ ነገር ጣል አድርጉበት።

ወንድሜ እጅህ ይባረክ፣ እድሜና ጤና ይስጥህ፣ ቁልቁለቱን አሁን መሪዬን ጨብጬ ነው የምወርደው። ስልኩን የምትፈልጉ በኢንቦክስ ጠይቁኝ፣ ቅዳሜ ገበያ ስለሆነ መንገዱ ይጨናነቃል በሌላ ቀን ሂዱ፣ ስራ ላይ ከሆነ ስልክ ስለማያነሳ ደጋግማችሁ ሞክሩ።