እማዬ የተኛችበት ክፍል፦ ከ5 ኮከብ 3

እማዬን 9 ቀን አስታምሜ ገና መውጣታችን ነው። ክፍሉ ንጹሕ፣ ነርሶቹም ሰው አክባሪ ናቸው፤ በዚህ አላማቸውም።

ቅሬታዬ የመድኃኒቱ ሰዓት ላይ ነው። ፉሮሴማይድ፣ ያው ሽንት የሚያሸናው፣ ማታ 2 ሰዓት ላይ ይሰጣታል። እንቅልፍ እምቢ ሲላት ደግሞ ዳያዜፓም ተጨመረላት። አንዱ ተነሺ ይላታል፣ አንዱ ተኚ! በ3ኛው ሌሊት ሽንት ቤት ልትሄድ ከአልጋ ወርዳ ሁለት እርምጃ እንኳ ሳትራመድ ወደቀች። እኔ ወንበር ላይ አሸልቤ ነበር፤ የነቃሁት የግሉኮስ መስቀያው ሲንኳኳ ነው። ደግነቱ አጥንቷ አልተነካም፣ ክርኗ ብቻ በለዘ።

ሦስተኛውን ኮከብ ያስገኘችላቸው በማግስቱ የመጣችው ፋርማሲስት ናት። «እስኪ ቀስ ብለው ይነሱ እናቴ» ብላ ግፊቷን ተኝታም ቆማም ለካች፤ የላይኛው ቁጥር ከ138 ወደ 112 ወረደ። ሰው ከቆመ በኋላ በ3 ደቂቃ ውስጥ 20 እና ከዚያ በላይ ከወረደ አደገኛ ነው አለችን። ዳያዜፓም በዕድሜ የገፋ ሰው ሰውነት ውስጥ ለቀናት እንደሚቆይም የሰማሁት ያኔ ነው። ምናለ ከመውደቋ በፊት ብትመጣ! ከሐኪሙ ጋር ተነጋግራ የሚያሸናው ወደ ጠዋት ዞረ፣ የእንቅልፉ ቀረ፣ አልጋውም ዝቅ ተደረገ። እማዬ ሌሊቱን ለጥ ብላ አደረች።

የተበላሸው የነርስ መጥሪያ ደወል ግን እስከወጣንበት ቀን ድረስ አልተጠገነም።