ውሃ ለምትፈሩ የቺካጎ ሰዎች፦ እኚህን ጋሼ እወቁልኝ

ይህን ልጽፍ ካሰብኩ ቆየሁ። መጀመሪያ ትከሻዬ ይዳን አልኩ፣ ከዚያ ዘመን መለወጫ መጣ፣ ከዚያ ሥራ። አሁን ግን ዋና ስላስተማሩኝ ጋሼ ዝም ብል ይቆጨኛል። ቺካጎና አካባቢዋ ያላችሁ፣ "እኔና ውሃ አንተዋወቅም" የምትሉ፣ በተለይ እህቶቼ፣ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

39 ዓመቴ ነው። ሆስፒታል ውስጥ የሌሊት ፈረቃ እሠራለሁ። ስፖርተኛ የሚባል ነገር በዘሬም የለም። ባለፈው ነሐሴ መጨረሻ ግን የቺካጎ ትራያትሎን ላይ አጭሩን ውድድር ጨረስኩ። 750 ሜትር ዋና፣ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ብስክሌት፣ 5 ኪሎ ሜትር ሩጫ፣ አንዱ ሲያልቅ ሌላው እየቀጠለ። ጨረስኩ ነው ያልኩት፣ አሸነፍኩ አላልኩም። ከኋላዬ ብዙ ሰው አልነበረም።

የተመዘገብኩት ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር በቀልድ ነው። አንዷ "አንቺ ኢትዮጵያዊት ነሽ፣ ሩጫው ላንቺ ምን አላት!" አለችኝ። እዚህ ሀገር ሁሉም ሰው አበበ ቢቂላ የአጎቴ ልጅ ይመስለዋል። እሺ፣ ሩጫውስ ይሁን። ዋናውስ? ያደግኩት ቀበና ወንዝ አጠገብ ነው። ክረምት ወንዙ ሲሞላ እናቴ በር ላይ ቆማ "ዝር ትይና!" ትለን ነበር። ያ ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ውሃ አንገቴ ጋ ሲደርስ ልቤ ትጠፋለች።

ጋሼን ከማግኘቴ በፊት ያየሁትን ልንገራችሁ። ስም አልጠራም፣ ስማቸው ምን ያደርግላችኋል። የመጀመሪያው ቦታ አንድ ወጣት መጣ፣ ዓይኑ ከስልኩ አይነቀልም። "ዝም ብለሽ ግቢ፣ ሰውነትሽ ራሱ ያውቀዋል" አለኝ። የኔ ሰውነት የሚያውቀው መስጠም ብቻ ነበር። ውሃ ጠጥቼ እያሳለኝ ብቅ ስል ሳቀ። ሁለተኛው ቦታ የ10 ቀን ትምህርት አስቀድመሽ ክፈይ አሉኝ፣ ከፈልኩ። በሄድኩ ቁጥር ሌላ አስተማሪ፣ በሄድኩ ቁጥር "እግርሽን ምቺ" ከሚለው እንደገና መጀመር። ስድስት ዓመት የማይሞላቸው ልጆች በአጠገቤ እንደ ዓሣ ያልፋሉ። አራት ቀን ሄጄ የቀረውን ገንዘቤን መልሱልኝ ብል፣ ከወረቀቱ ግርጌ ጉንዳን የምታክል ጽሑፍ አሳዩኝ። ይሄ እንኳ ያልፋል። ሦስተኛው፣ ለብቻዬ የቀጠርኩት፣ ሁለት ሰዓት ካለፋኝ በኋላ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "በቃ የእናንተ አጥንት ከባድ ነው፣ አይንሳፈፍም።" የእናንተ! መኪናዬ ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ። ምዝገባውን ልሰርዝ ወሰንኩ።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቡና ላይ ይሄንኑ ሳወራ አንዲት እናት "እንዴ! ጋሼን አታውቂያቸውም እንዴ?" አሉኝ። ስማቸውን ለምን አልጻፍሽም እንዳትሉኝ፣ "ስሜን ኢንተርኔት ላይ እንዳታወጪው" ብለውኛልና ጋሼ ብቻ እላለሁ። ጡረታ የወጡ ባለ ታክሲ ናቸው። በወጣትነታቸው ምጽዋ፣ የኢትዮጵያ ባህር ኃይል ውስጥ ነበሩ። ቅዳሜ ጠዋት በአንድ የሕዝብ መዋኛ ገንዳ ውሃ የሚፈሩ ትልልቅ ሰዎችን ያስተምራሉ።

የመጀመሪያውን ቀን አልረሳውም። ልብሴን ቀይሬ፣ እጄን አጣጥፌ፣ እየተንቀጠቀጥኩ ስወጣ ጋሼ ገንዳው ጠርዝ ላይ ሱሪያቸውን ጠቅልለው፣ እግራቸውን ውሃ ውስጥ ነክረው ተቀምጠዋል። "ነይ ቁጭ በይ ልጄ" አሉኝ። ቁጭ አልኩ። "ማነው ያስፈራራሽ?" ምን ትፈሪያለሽ አላሉኝም። ማነው ነው ያሉኝ። ቀበናን ነገርኳቸው፣ እናቴን ነገርኳቸው፣ የአጥንቱንም ነገርኳቸው። የአጥንቱ ላይ ሲደርስ በሳቅ ፈረሱ። "ታዲያ የኔ አጥንት ከገለባ ነው የተሠራው?" አሉ። አርባ አምስት ደቂቃ እንዲሁ እግራችንን ነክረን አወራን። ሰዓቱ ሲያልቅ ቦርሳዬን ከፈትኩ። እጄን ያዙኝ።

"እግር ለመታጠብ ማን ይከፍላል?" አሉኝ።

ያን ቀን አንድ ጠብታ ፊቴን አልነካኝም። ግን ወደ ቤት ስነዳ የሚቀጥለው ቅዳሜ ናፈቀኝ። ለዚያ ሁሉ ገንዘብ እንዲህ ያደረገልኝ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ስለ ክንድ፣ ስለ ዳሌ፣ ስለ አንገት ብዙ ነገር አስተምረውኛል። እውነቱን ልናገር፣ ግማሹ አሁንም አይገባኝም። የገባኝ አንድ ነገር ነው። ፊቴን ውሃ ውስጥ ስከት ትንፋሼን አፍኜ እይዝ ነበር፣ ከዚያ ስወጣ ማውጣትና ማስገባት በአንድ ጊዜ ይሆንብኛል፣ ከዚያ ድንጋጤ። ሦስቱም አስተማሪዎች ይህን አላዩም። ጋሼ በሁለተኛው ቀን አዩት። "አንጎራጉሪ" አሉኝ። "ምን?" "ውሃው ውስጥ አንጎራጉሪ። የሚያንጎራጉር ሰው ትንፋሹን ማፈን አይችልም።" እናቴ ሹሩባ ስትሠራኝ የምታንጎራጉራትን ዜማ ጀመርኩ። ከአፍንጫዬ አረፋው እየተንደቀደቀ ወጣ። ቀና ስል ሳንባዬ ባዶ፣ አየሩ ራሱ ዘሎ ገባ። እንዲህ ነው እንዴ! ሰው በዚህ ነው እንዴ የሚዋኘው!

ሹሩባ ስል ትዝ አለኝ። የዋና ኮፍያው ከሹሩባዬ ላይ እየተንሸራተተ አስቸግሮኝ ነበር። አንድ ቅዳሜ ሰፊ ኮፍያ ይዘውልኝ መጡ። "ልጄን ጠይቄ ነው፣ ለእናንተ ፀጉር የሚሆን አለ አለችኝ" አሉ፣ ትንሽ አፍረው። እኔ ሳልጠይቅ!

ሐምሌ ላይ ከገንዳ አውጥተው ሐይቁ ጋ ወሰዱኝ፣ ኦሃዮ ስትሪት ቢች። የሚሺጋን ሐይቅ ሐይቅ ነው ብላችሁ እንዳትታለሉ፣ ማዶው አይታይም። "ቀይ ባህር ጨው አለው፣ ራሱ ያዝልሻል፤ ይሄ ጨው የለውም፣ አንቺው ነሽ ራስሽን የምታዝዪው" አሉኝ። ስለ ምጽዋ የሚያወሩት ይሄን ያህል ነው። ስለ ውሃው ያወራሉ፣ ስለ ዓሣው ያወራሉ። ምጽዋ የተያዘችበት የካቲት 1982 ላይ ሲደርሱ ወሬ ይለውጣሉ። አልጠይቃቸውም።

ፍልሰታ ገባ። እንዳልጾም ወይም ልምምዱን እንድተው የሚነግረኝ ሰው ሞልቶ ነበር። ጋሼ ሰዓቱን ብቻ ቀየሩልኝ፣ ከዋናው ቀጥዬ እንድበላ። ጾሙ ተፈታ፣ ከጥቂት ቀን በኋላ ውድድሩ ደረሰ።

ጠዋት ሞንሮ ሃርበር የሚባለው የሐይቁ ወደብ ገና ሳይነጋ ሰው እንደ ጥምቀት ሞልቷል። ያ የላስቲክ የዋና ልብስ አንገቴን አንቆኛል። በቡድን በቡድን ነው የሚያስገቡት። ተራችን ደርሶ ውሃ ውስጥ ገባን፣ ጡሩምባው ተነፋ። 100 ሜትር ሳልሄድ የአንዷ ተረከዝ መነጽሬን መታው። ውሃ ገባበት። ዜማው ጠፋኝ። እናቴ በር ላይ ቆመች።

ጋሼ ለዚህ አዘጋጅተውኝ ነበር። "ቢጨንቅሽ በጀርባሽ ተንጋለዪ፣ ካያክ፣ ያቺን ትንሽ ጀልባ፣ ጥሪ፣ ያዢ። ወደ ፊት እስካልጎተተሽ ድረስ ሕጉ ይፈቅዳል።" ተንጋለልኩ፣ እጄን አነሳሁ፣ አንዲት ልጅ ካያኳን አስጠጋችልኝ፣ ያዝኩ። መነጽሬን አስተካክዬ ቀና ስል ምን አየሁ? እዚያ የሚዋኘው የወደቡን ግንብ ተከትሎ ነው፣ ተመልካች ከላይ በእግሩ አብሮ መሄድ ይችላል። ግንቡ ላይ አንድ ቀይ ጃንጥላ። ዝናብ የለም፣ ፀሐይ ገና አልበረታችም። ከጃንጥላው ሥር ጋሼ! እሑድ እኮ ነው። እሳቸው ቅዳሴ ቀርተው አያውቁም፣ እመጣለሁም አላሉኝም። አልጮኹም፣ "በርቺ" አላሉም። እጃቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው የማንጎራጎር ምልክት አሳዩኝ።

ካያኩን ለቀቅሁ። ከዚያ በኋላ ለመተንፈስ ወደ ግንቡ በዞርኩ ቁጥር ቀዩ ጃንጥላ አለ። እኔ በምዋኘው ፍጥነት ይራመዳል። ፍጥነቴን ካወቃችሁ ያ ለእግረኛ እንኳ የሚያሰለች ነው። ስቆም ይቆማል። አንዴም አልቀደመኝም። ደረጃው ላይ ፈቃደኞቹ እጄን ስበው ሲያወጡኝ እያለቀስኩ ነበር፣ ግን ውሃ በውሃ ስለሆንኩ ማንም አላየኝም።

"ቅዳሴውስ ጋሼ?" አልኳቸው አጠገባቸው ሳልፍ። "አረፍዳለሁ እንጂ አልቀርም። ሂጂ፣ ሩጫውማ የሀገርሽ ነው!" ብለው ጃንጥላቸውን አጥፈው ሄዱ።

የቀረውን ባጭሩ። ብስክሌቱ በሌክ ሾር ድራይቭ ላይ ነው፤ ከሥራ ስወጣ በየቀኑ መኪና ውስጥ ተቀርቅሬ የምማረርበት መንገድ፣ ያን ቀን መኪና የለበትም። በጣም ደስ ይላል። ሩጫው ላይ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ካልሲዬን ያየ ሁሉ "ኢትዮጵያ!" እያለ ያጨበጭባል፣ እኔ እየተራመድኩ። ያገሬን ስም እንዳላሰድብ የሚያዩኝ ቦታ ላይ ብቻ ሮጥኩ።

ስለዚህ እባካችሁ፣ ውሃ የምትፈሩ፣ ልጆቻችሁ ሲዋኙ ዳር ቆማችሁ ፎጣ የምትይዙ፣ "ዕድሜዬ አልፏል" የተባላችሁ፣ ሂዱ። ጋሼ ጋ ሂዱ። የትም ገንዘባችሁን አትጣሉ። የሚያስከፍሉት እኔ ሌላ ቦታ ከከፈልኩት ግማሽ አይሞላም፣ አንድ ሰውም ሳይችል አይለቁም። ውድድር ምናምን አትፈልጉ፣ ግዴላችሁም፣ እግራችሁን ለመንከር ብቻ ሂዱ። አሁን ለሴቶች ብቻ የሚሆን ሰዓት ሊጀምሩ ነው፣ አምስት ሰው ከሞላ። እኔ አንዷ ነኝ፣ አራት ቀረ።

ቁጥራቸውን በውስጥ መስመር ጠይቁኝ። ቴክስት አታድርጉላቸው፣ አያነቡም። ደውሉ፣ ደግሞ ጮክ ብላችሁ ተናገሩ። ግራ ጆሯቸው ውስጥ ከምጽዋ የመጣ ውሃ እስካሁን እንዳልወጣ ነው የሚናገሩት።