አሮጌውና አዲሱ ቢራ፣ ጎን ለጎን

ስሙን አልጠራም፤ የሚጠጣው ያውቀዋል። ፋብሪካው ጣዕሙን ከቀየረ ወዲህ ደሴ ላይ ክርክሩ አልበረደም። ቅዳሜ ፒያሳ አካባቢ አንዲት ግሮሰሪ ጓዳ ውስጥ የተረሳ የአሮጌው ሳጥን ተገኘ። ቀኑ ገና አላለፈም። ከሁለቱም አንዳንድ አስከፈትኩ።

አሮጌው ወርቃማ ነው። አረፋው ጣት ያህል ይቆምና የብርጭቆውን ግድግዳ እያለበሰ ይወርዳል። መጀመሪያ ብቅሉ፣ ወረድ ሲል ጌሾ የሚመስል ምሬት አፍ ላይ ይቀራል። አዲሱ ነጣ ብሏል። አረፋው ቆርኪውን ጠረጴዛ ላይ ሳላስቀምጥ ጠፋ። ጣፋጭ ቢጤ ነው፤ ጉሮሮ ላይ ሳይታወቅ ያልፋል። ፊቴን አይተው የግሮሰሪዋ ባለቤት እትዬ ‹‹አብሽር ልጄ፣ ሁለተኛው ላይ ትለምደዋለህ›› ብለው ሳቁብኝ።

አልለመድኩትም። ቢራ ሲቆይ ምሬቱ ይቀንሳል፤ አሮጌው ትኩስ ሳለ ከዚህም ይመር ነበር ማለት ነው። ደግሞ ቅዝቃዜ ሲበዛ ጣዕም ይደበቃል። ደሴን ከሚያቀዘቅዘው ጦሳ ተራራ ሥር ተቀምጦ ፍሪጅ ምን ያደርጋል?

አዲሱን ኮምቦልቻ ወርጄ፣ በሙቀቱ፣ ከጥብስ ጋር ስሞክረው ግን አልከፋኝም። ጥም ይቆርጣል። ደሴ ላይ አሮጌው እስኪያልቅ ሌላ አላዝም። አራት ጠርሙስ ቀርቷል።