ክብደቱን ለሚጠብቅ ሰው የሚሆን የበጋ ወይን፦ የትኛው ያዋጣል?

ሙቀቱ ሲበረታ ቀዝቃዛ ወይን የሚያምረው ሰው ብዙ ነው፤ ከእነዚህም ውስጥ ክብደቱን ለመቆጣጠር የሚታገለው ጥቂት አይደለም። የወይን ነጋዴዎችም ይህን ጠንቅቀው ስለሚያውቁ የበጋው ወራት ሲቃረብ መደርደሪያው «ላይት»፣ «ዝቅተኛ ካሎሪ»፣ «ስኳር አልባ» በሚሉ ጠርሙሶች ይሞላል። በዚህ ግምገማ ለዚህ ዓላማ ይሆናሉ ተብለው የሚሸጡትን ዋና ዋና የወይን ዓይነቶች የምመዝናቸው በሁለት መስፈርት ነው፤ አንደኛው በአንድ ብርጭቆ ውስጥ ያለው ካሎሪ ሲሆን፣ ሁለተኛውና ለእኔ ይበልጥ የሚከብደው ሲጠጡት እውነት ወይን ወይን ማለቱ ነው።

በቅድሚያ ሒሳቡን ማየት ያስፈልጋል። አንድ ግራም አልኮል 7 ካሎሪ ሲኖረው አንድ ግራም ስኳር 4 ካሎሪ አለው። የወይኑ ስኳር ከሞላ ጎደል ወደ አልኮል የተለወጠበት፣ 12 በመቶ አልኮል ያለው ደረቅ ወይን 150 ሚሊ ሊትር ቢቀዳ 14 ግራም ያህል አልኮል ይይዛል፤ ይህ ብቻውን ወደ 100 ካሎሪ ይጠጋል። አሲድና ግሊሰሮል በዚህ ላይ የሚጨምሩት ጥቂት ነው። የአልኮሉ መጠን 14.5 በመቶ ሲደርስ ይኸው ብርጭቆ 120 ካሎሪ ይሆናል። እንግዲህ በደረቅ ወይን ጠርሙስ ላይ «ስኳር አልባ» ተብሎ በትልቁ የሚጻፈው ጽሑፍ ገዢውን ያስደስተው ይሆናል እንጂ ከካሎሪው የሚቀንሰው ነገር የለም፤ ደረቅ ወይን ቀድሞውንም ስኳር የለውም ማለት ይቻላልና። መታየት ያለበት በጠርሙሱ መለያ ግርጌ ወይም ጀርባ በደቃቅ ፊደል የተጻፈው የአልኮል መቶኛ ነው።

በዚህ መስፈርት ስመዝናቸው ቀዳሚውን ቦታ የምሰጠው በተፈጥሯቸው ቀለል ተደርገው ለሚሠሩ ደረቅ ነጭ ወይኖች ነው። የኒው ዚላንድ ወይን ጠማቂዎች 9.5 በመቶ ገደማ አልኮል ያለው ሶቪኞን ብላንክ ያመርታሉ፤ ዘዴያቸውም አልኮሉን በኋላ ከወይኑ ማውጣት ሳይሆን፣ ከወይኑ ተክል ቅጠሉን በመቀነስ ፍሬው ስኳር የሚያጠራቅምበትን ፍጥነት ማዘግየትና ፍሬውን ቀደም ብሎ መልቀም ነው። ከእንዲህ ዓይነቱ ወይን አንድ ብርጭቆ 80 ካሎሪ ያህል ነው፤ ከተለመደው በአንድ አምስተኛ ያንሳል ማለት ነው። ጣዕሙንም ቢሆን የሚነቀፍ ሆኖ አላገኘሁትም። ሶቪኞን ብላንክ መዓዛው ኃይለኛ በመሆኑ አልኮሉ ቢቀንስም ማንነቱ አይጠፋም፤ ብርጭቆውን ወደ አፍንጫ ሲያስጠጉት የሎሚ ልጣጭና የታጨደ ሣር ሽታው ወዲያው ይመጣል። ጉድለቱ የሚታወቀው ከተዋጠ በኋላ ነው፦ ጣዕሙ በምላስ ላይ ብዙ አይቆይም፣ መሐሉም ሳሳ ያለ ነው። በብርድ ወቅት ቢሆን ይህን እንደ ትልቅ ነውር እቆጥረው ነበር፤ በሙቀት ግን ቅለቱ ራሱ ይፈለጋል። በዚሁ መንገድ የሚሠራ ቀይ ወይን ግን አልመክርም፤ ቀይ ወይን ክብደቱ ሲወሰድበት የሚቀረው ጎምዛዛነቱ ነው።

ከሰሜን ፖርቱጋል የሚመጣው ቪኞ ቬርዴም ለዚህ ወቅት የተፈጠረ ይመስላል። አልኮሉ አብዛኛውን ጊዜ ከ9 እስከ 11.5 በመቶ ነው፤ ብዙዎቹም ምላስን ነካ የምታደርግ ቀለል ያለች ጋዝ አላቸው። ይሁን እንጂ ረከስ ካሉት መካከል ጣፈጥ ተደርገው የሚሸጡ ስላሉ መለያውን ማንበብ ግድ ይላል።

አረፋማ ወይንን በተመለከተ ገዢውን የሚያሳስተው ስያሜው ነው። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ «ብሩት ናቱር» ማለት በሊትር ከ3 ግራም በታች ስኳር ያለው ነው፤ «ኤክስትራ ብሩት» እስከ 6 ግራም፣ «ብሩት» ደግሞ ከ12 ግራም በታች ይይዛል። «ኤክስትራ ድራይ» ሲባል የሰማ ሰው ከሁሉም ይልቅ የደረቀው ይህ ነው ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም፤ ነገር ግን በሊትር ከ12 እስከ 17 ግራም ስኳር ስላለው ከብሩት ይልቅ ጣፋጭ ነው። ያም ሆኖ ነገሩን ከልክ በላይ ማክበድ አይገባም። በአንድ ብርጭቆ ሲሰላ በብሩትና በኤክስትራ ድራይ መካከል ያለው ልዩነት ጥቂት ካሎሪ ብቻ ስለሆነ፣ ለዚህ ብሎ የሚወደውን ፕሮሴኮ (የጣሊያን አረፋማ ወይን) የሚተው ሰው ትርፉ ኪሳራ ነው። ልዩነቱ ትርጉም የሚኖረው «ዴሚ ሴክ» ላይ ሲደረስ ነው፤ በሊትር ከ32 እስከ 50 ግራም ስኳር ስላለው በእያንዳንዱ ብርጭቆ ላይ ከ19 እስከ 30 ካሎሪ ይጨምራል።

ትልቁ ወጥመድ ያለው አልኮላቸው ዝቅተኛ፣ ስኳራቸው ግን ከፍተኛ በሆኑት ላይ ነው። የጣሊያኑ ሞስካቶ ዳስቲ አልኮሉ 5.5 በመቶ ቢሆን ነው፤ ይህን ያየ ሰው የሚፈልገውን ያገኘ ይመስለዋል። በሊትር 120 ግራም ያህል ስኳር እንዳለበት ሲሰላ ግን ብርጭቆው ከ115 ካሎሪ ይበልጣል፣ ማለትም 12 በመቶ አልኮል ካለው ደረቅ ወይን ይብሳል። በደንብ የቀዘቀዘ ወይን ጣፋጭነቱ በምላስ ላይ ስለሚደበዝዝ ስኳሩ ይህን ያህል መሆኑን ጠጪው ላያስተውለው ይችላል። ሞስካቶን አልጠላም፤ የአበባ ሽታው ደስ ይላል፤ ነገር ግን ቦታው እንደ ጣፋጭ ምግብ በማዕዱ መጨረሻ ነው። በጀርመን የሞዘል አካባቢ ሪዝሊንግ ከተባለ ነጭ የወይን ፍሬ የሚሠራው ቀለል ያለው «ካቢኔት» በቀላሎቹ ደረቅ ነጭ ወይኖችና በሞስካቶ መካከል ይገባል፦ 8.5 በመቶ አልኮልና በሊትር 40 ግራም ስኳር ያለውን ብንወስድ 95 ካሎሪ ገደማ ይመጣል፤ ከደረቁ ወይን የሚሻለው በጥቂቱ ብቻ ነው። ሆኖም አሲዱ ጠንከር ስለሚል ቀስ እያሉ እንዲጎነጩት ያስገድዳል፤ በዚህ ምክንያት ካሎሪው ከሚያሰጠው ደረጃ ከፍ አድርጌዋለሁ።

አልኮሉ የወጣለት ወይን በቁጥር የሚስተካከለው የለም። ወይኑ እንደማንኛውም ወይን ከተጠመቀ በኋላ አልኮሉ በቫኪውም ውስጥ በዝቅተኛ ሙቀት ይተንናል፣ ወይም በልዩ ማጣሪያ ይለያል፤ በሊትር 40 ግራም ስኳር ቢኖርበት እንኳ ከስኳሩ የሚመጣው በብርጭቆ 24 ካሎሪ ብቻ ነው። የጣዕሙ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። አልኮሉ ሲወጣ መዓዛውም አብሮት ይሄዳል፤ የጎደለውን ለመሙላት ብዙ ጊዜ ስኳር ወይም የወይን ጭማቂ ይጨመርበታል፤ ውጤቱም የተቀቀለ ፖም የሚሸት ጭማቂ ይሆናል። ጋዙ የጎደለውን ክብደት በከፊል ስለሚሸፍንለት አረፋማው ከሁሉም የተሻለ ነው። ቀዩን ማለፍ ይሻላል።

ምንም ልዩ ጠርሙስ መግዛት ለማይፈልግ ሰው የተለመደውን ደረቅ ነጭ ወይን ጋዝ ካለው ውሃ ጋር እኩል በእኩል ማደባለቅ ያዋጣል፤ ብርጭቆው 50 ካሎሪ ያህል ይሆናል። ለዚህ የሚሆነው አሲዱ የጎላ ወይን ነው፤ በእንጨት በርሜል የቆየው ሲቀጥን ጣዕሙ ይበላሻል። በውሃው ፋንታ ቶኒክ መጨመር ግን ስኳር መጨመር ነው።

እስካሁን የቀረበው ሒሳብ ሁሉ ብርጭቆው 150 ሚሊ ሊትር ነው በሚል የተሠራ ነው። ትልቅ ሆድ ያለው የወይን ብርጭቆ ግማሹ ድረስ ሲሞላ ያን መጠን በቀላሉ ስለሚያልፍ፣ አንድ ጊዜ በመለኪያ ቀድቶ የት ላይ እንደሚደርስ ማየት ይጠቅማል። አልኮል የምግብ ፍላጎትን እንደሚያነሣሣና ሰውነትም ስብን ከማቃጠል ይልቅ አልኮሉን እንደሚያስቀድም መታወቅ አለበት፤ በባዶ ሆድ የተጠጣ ቀላል ወይን ያተረፈውን ካሎሪ ቀጥሎ የሚመጣው ሳህን ሊመልሰው ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ለጤና ጉዳት የሌለው የአልኮል መጠን የለም ማለቱም ከዚህ ስሌት ውጭ የሚቀር አይደለም፤ «ላይት» የሚለው ጽሑፍ ይህን አይለውጠውም።

በአውሮፓ ኅብረት ከታኅሣሥ 8 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. በኋላ የሚመረት ወይን በ100 ሚሊ ሊትር የሚይዘውን ኃይል በመለያው ላይ የመግለጽ ግዴታ አለበት፤ የተቀረው ዝርዝር፣ ስኳሩን ጨምሮ፣ በኪዩአር ኮድ ሊቀርብ ይችላል። ቁጥሩ ያልተጻፈበት ጠርሙስ ሲያጋጥም ደግሞ ለአንድ የ150 ሚሊ ሊትር ብርጭቆ የአልኮሉን መቶኛ በ8 ማባዛት፣ ወይኑ ጣፋጭ ከሆነም በብርጭቆው ውስጥ ላለው ለእያንዳንዱ ግራም ስኳር 4 ካሎሪ መደመር በቂ ግምት ይሰጣል።