የ6 ደቂቃው ወይስ የ24 ሰዓቱ? ብረት የሚያጣብቅ ሙጫ ሲገዙ

ብረት ከብረት ልታጣብቁ ከሆነ ሱቅ ገብታችሁ "ጠንካራው የቱ ነው?" አትበሉ። መጀመሪያ ስንት ሰዓት መጠበቅ እንደምትችሉ፣ ዕቃውም ሥራ ላይ ምን ያህል እንደሚግል አስቡ።

የአንድ ኩባንያ ሁለት ኤፖክሲዎችን እንይ፤ ኤፖክሲ ማለት በሁለት ቱቦ የሚመጣና ሁለቱ ሲደባለቁ የሚደርቅ ሙጫ ነው። ጄቢ ዌልድ ኦሪጅናል ለመያዝ ከ4 እስከ 6 ሰዓት፣ ጨርሶ ለመድረቅ ከ15 እስከ 24 ሰዓት ይፈልጋል። ክዊክ ዌልድ በ6 ደቂቃ ገደማ ይይዛል፤ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ውስጥ ደግሞ ይደርቃል። አምራቹ ለቀርፋፋው የሰጠው ጥንካሬ 5,020 ፒኤስአይ (ፓውንድ በካሬ ኢንች) ሲሆን ለፈጣኑ 3,127 ነው። በእኛ መለኪያ በካሬ ሴንቲሜትር 350 እና 220 ኪሎ ገደማ መሆኑ ነው። ከቸኮላችሁ ከሲሶ በላይ ጥንካሬ ቀረ ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ግን ክፍሉ ሞቅ ያለ፣ 20 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ነው። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲወርድ የመድረቂያው ጊዜ እጥፍ ገደማ ይሆናል። የአዲስ አበባ የኅዳር ሌሊት ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ብረቱ ራሱ በረዶ ነው። አንድ ኅዳር የግቢያችንን በር እጀታ ማታ አጣብቄ አደርኩ። ጠዋት ጠርዙን በጥፍሬ ብጫነው ሙጫው ሰረጎደ። ሳብ ሳደርገው እጀታው እጄ ላይ ቀረ። ሙጫው መጥፎ ሆኖ አይደለም፣ አልደረቀም ነበር።

በብርድ ጊዜ ቱቦዎቹን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ትንሽ አቆዩአቸው፤ ሲቀዘቅዙ ይወፍሩና በደንብ አይዋሃዱም። ካጣበቃችሁ በኋላ የድሮውን የሚግል አምፖል ጠጋ አድርጋችሁ አብሩለት። ቀስ ያለ ሙቀት ያፈጥነዋል፣ ያጠነክረዋልም። እሳት ግን አታስጠጉ፤ እርጥቡ ሙጫ ይቀጥንና ይፈሳል።

ሱፐር ግሉስ? በሰከንዶች ይይዛል፣ ለትንሽና በደንብ ለሚገጥም ነገር ምቹ ነው። ግን ተሰባሪ ነው፤ ምት አይችልም። ተራው ዓይነት 80 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይለቃል። ለምድጃ አጠገብ ዕቃ አትግዙት። ኦሪጅናሉን አምራቹ እስከ 287 ዲግሪ ይችላል ይላል፤ ሲግል ግን እንደ ቀዝቃዛው ጊዜ ሸክም አይሸከምም።

የቱንም ግዙ፣ ዝገቱንና ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ፍቁ፣ ቅባቱን በአሴቶን ጥረጉ። እጀታዬን ሁለተኛ ጊዜ እንዲህ ፍቄ፣ አምፖል አብርቼለት ሙሉ ቀን ተውኩት። አሁንም በሩን የምንከፍተው በሱ ነው።