በሴቪያ «ሳይሰለፉ ይግቡ» የሚባለውን የእግር ጉብኝት ከመግዛታችሁ በፊት

በዘንድሮው የትምህርት ቤት ዕረፍት ወደ ስፔኗ ሴቪያ ልትሄዱ ያሰባችሁ፣ በተለይ ከአገር ቤት የመጣች እናት ወይም አክስት ይዛችሁ የምትጓዙ፣ ካርዳችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ይህን አንብቡት። ባለፈው ሰኔ እኔ፣ እናቴና የ9 ዓመቷ ልጄ የከተማዋን ዋና ዋና ታሪካዊ ቦታዎች ያስጎበኛል ለተባለ የእግር ጉብኝት 163 ዩሮ ከፍለን፣ መግቢያ የሚከፈልበትን አንድም በር ሳንረግጥ ተመልሰናል። ገንዘቡ አንገብግቦኛል። ከገንዘቡ በላይ ግን የተወሰደብን ቀኑ ነው፤ እንዴት እንደተወሰደብን በዝርዝር የምጽፈው ወጥመዱ ያለው እዚያ ላይ ስለሆነ ነው።

እማዬ ከአዲስ አበባ የመጣችው በሼንገን ቪዛ ነው፤ እኔ የምኖረው ጀርመን ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ሥራና ልጅ ማሳደግ ብቻ ነው የምታውቀው። አንድ ቦታ እንኳ ላሳያት ብዬ ለሁለት ሌሊት በርካሽ በረራ ወደ ሴቪያ ሄድን። ከመሄዳችን ከሦስት ሳምንት በፊት ስልኬ ላይ የሴቪያ ካቴድራል ትኬት ብዬ ስፈልግ ከላይ የመጣውን ነካሁት። የካቴድራሉ ፎቶ አለ፣ የአልካዛር ቤተ መንግሥት ፎቶ አለ፣ አርማው የመንግሥት ይመስላል። «የሴቪያ ማዕከል የእግር ጉብኝት፤ ካቴድራል፣ ጂራልዳ፣ አልካዛር፤ ሳይሰለፉ» ይላል። ለአዋቂ 59 ዩሮ፣ ለልጅ 45። ከስሙ በላይ በደቃቅ ፊደል «ማስታወቂያ» የሚል እንደነበረ ያየሁት፣ ሁሉም ነገር ካለፈ በኋላ ተመልሼ ስፈትሽ ነው። ከፈልኩ፤ ማረጋገጫው በኢሜይል መጣ። ትኬት ይዣለሁ ብዬ ተኛሁ።

በቀኑ እማዬ ቤተ ክርስቲያን ልንገባ ነው ስላልኳት ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ጫማ የሚወልቀው የቱ ጋ እንደሆነም ጠይቃኛለች። መገናኛችን ጂራልዳ ከሚባለው የካቴድራሉ የደወል ማማ ሥር ያለው አደባባይ፣ ፏፏቴው አጠገብ ነበር። ቢጫ ጃንጥላ የያዘ ወጣት አስጎብኚ መጣ። ሰዉን ቆጠርኩ፤ 32 ነን። አንዱን ነገር አንዴ በስፓኒሽ፣ አንዴ በእንግሊዝኛ ስለሚናገር ከጊዜው ግማሹ ለማንኛችንም አይሆንም። ሰዓቱ እኩለ ቀን ነው፤ የሴቪያን የሰኔ ፀሐይ የሚያውቅ ያውቀዋል። ጥላ ፍለጋ ግድግዳ ለግድግዳ ነው የሄድነው።

ልጁ ያወራው ነገር ስሕተት አልነበረውም። ጂራልዳ እ.ኤ.አ. ከ1184 እስከ 1198 ለመስጊድ የተሠራ ሚናሬት (የጸሎት ጥሪ ማማ) መሆኑን፣ ላዩ ላይ ያለው የደወል ክፍል በ1568 እንደተጨመረ፣ መስጊዱ ከነበረበት ቦታ ላይ ካቴድራሉ እንዲሠራ በ1401 እንደተወሰነ ነገረን። ከዚያ ወደ ሰሜኑ በር ወሰደን፤ የይቅርታ በር ይሉታል፤ ከመስጊዱ የተረፈ ነው፤ መዝጊያዎቹ በነሐስ የተለበጡ ናቸው። እማዬ ወሬውን አልጠበቀችም። ቀርባ ግንባሯን አስጠግታ በሩን ተሳለመችና ወደ እኔ ዞራ «እንግባ እንዴ?» አለችኝ። ቡድኑ ግን መንገዱን ተሻግሮ ሄዷል።

ልጄ ደግሞ ሌላ ነገር ነው የምትጠብቀው። ማታ አዞውን ነግሬያት ነበር። በካቴድራሉ የብርቱካን ዛፎች ግቢ ዳር ባለው መተላለፊያ ጣራ ላይ አንድ አዞ ተንጠልጥሏል። በ1260 የግብፅ ሱልጣን የንጉሥ አልፎንሶ 10ኛን ሴት ልጅ ሊያጭ ፈልጎ ለንጉሡ ከላካቸው ስጦታዎች አንዱ ነው ይባላል፤ የመጀመሪያው ሲበላሽ በእንጨት ተሠርቶ ተተክቷል። «ከግብፅ ከሆነማ የዓባይ አዞ ነው! የእኛ ነው!» ብላ ሌሊቱን ሙሉ ስታወራ ነው ያደረችው። በየጥጉ «አዞውስ?» ትላለች።

ቀጥሎ የገባነው ወደ ኢንዲያስ ቤተ መዛግብት ነው። አስጎብኚው በሩ ላይ ቆሞ «ይህ መግቢያ በጉብኝቱ ውስጥ ተካትቷል» አለ። እዚህ ላይ ልብ በሉ። ይህ ቤተ መዛግብት ንጉሥ ካርሎስ 3ኛ በ1785 ያቋቋሙት፣ ስፔን በአሜሪካ አህጉር ላይ የነበራትን አገዛዝ ሰነዶች የያዘ ትልቅ ቦታ ነው፤ ከካቴድራሉና ከአልካዛር ጋር በ1987 በዩኔስኮ ተመዝግቧል። መግቢያው ግን ለማንም ሰው ነጻ ነው። የ1929ኙ ዓውደ ርዕይ የተካሄደበት ፕላዛ ዴ እስፓኛም ነጻ ነው። የሳንታ ክሩስ ጠባብ ጎዳናዎችም፣ እ.ኤ.አ. በ1391 በአይሁዶች ላይ ጭፍጨፋ የደረሰበት የአይሁድ ሰፈር፣ ነጻ ናቸው። እኛ በ59 ዩሮ የገዛነው «የተካተተ» ነገር በሙሉ እንዲህ ያለው ነው።

አልካዛር በር ላይ፣ በሰቆች የተሠራው አንበሳ ሥር፣ ፎቶ አንሱ ተባልን። ሰዎች ወረቀታቸውን እያሳዩ ይገባሉ። ሄጄ የእኛ ትኬት የታለ አልኩት። ስልኬ ላይ ያለውን ማረጋገጫ ወስዶ ወደ ታች ወደ ታች አወረደውና አንድ የስፓኒሽ ቃል በጣቱ አሳየኝ፤ «ፓኖራሚካ»። ከውጭ ማየት ማለት ነው። መግቢያ በአማራጭ ነው፤ ለካቴድራሉ ብቻ በነፍስ ወከፍ 28 ዩሮ ብንጨምር ሊያመቻችልን ይችላል። «ሳይሰለፉ» የተባለውም ውሸት አይደለም አለኝ፤ ካልገባችሁ አትሰለፉማ። እንባዬ መጣ። እማዬ ክንዴን ይዛ «ልጁን አትቆጪው፣ እሱም ተቀጣሪ ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ቃሉን ያሳየኝ ራሱ ነው፤ ያን ድረ ገጽ የሠራውም እሱ አይደለም። ጉብኝቱ ከሁለት ሰዓት ባነሰ ጊዜ ማራገቢያና ሸክላ የሚሸጥ ሱቅ ውስጥ አለቀ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ወዲያው ስልኬን አውጥቼ የአልካዛርን ትክክለኛ ድረ ገጽ ከፈትኩ። የዕለቱ ሰዓቶች በሙሉ ተይዘዋል። የነገውም ተይዟል። አልካዛር ሰው የሚያስገባው በተመደበ ሰዓት ነው፤ ቱሪስት በሚበዛበት ወቅት ከቀናት በፊት ያልቃል። ከሦስት ሳምንት በፊት ትኬት ይዣለሁ ብዬ ባልተኛ ኖሮ እንደልቤ መርጬ እይዝ ነበር። እነዚህ ሰዎች የሚያደርሱት ጉዳት ይሄ ነው፤ ትኬት ያለህ አስመስለው እውነተኛውን እንዳትገዛ ያደርጉሃል፤ የነቃህ ቀን ቦታ የለም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው የሆነብኝ።

ስለዚህ መጀመሪያ የመግቢያውን ሰዓት ከካቴድራሉና ከአልካዛር ከራሳቸው ድረ ገጽ ያዙ፤ ጉብኝት ከዚያ በኋላ ነው የሚታሰበው። ሁለቱ ተደምረው ለአንድ አዋቂ ከ30 ዩሮ ብዙም አይርቁም። የካቴድራሉ ትኬት ጂራልዳንና የሳልቫዶርን ቤተ ክርስቲያን ይጨምራል። ከ13 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ደግሞ ሁለቱም ቦታ መግቢያ በነጻ ነው! እኔ በነጻ ለምትገባ ልጅ 45 ዩሮ ከፍያለሁ። አልካዛር ሰኞ ሰኞ ከመዘጋቱ በፊት ባለው ጊዜ በነጻ ያስገባል፤ ግን እሱንም አስቀድማችሁ በድረ ገጹ መያዝ አለባችሁ።

አስጎብኚ አትያዙ እያልኩ አይደለም። ጥሩ አስጎብኚ ገንዘቡ ይገባዋል። አልካዛር ውስጥ ያለው የንጉሥ ፔድሮ ቤተ መንግሥት በ1364 መሠራት ሲጀምር ከግራናዳ ሙስሊም ባለሙያዎች መጥተው ሠርተውበታል፤ የክርስቲያን ንጉሥ ግድግዳ ላይ በዓረብኛ የተጻፈ አለ። የሚያስረዳ ከሌለ ጌጥ መስሏችሁ ታልፉታላችሁ። በአንዳሉሲያ ፈቃድ ያላቸው አስጎብኚዎች ከክልሉ መንግሥት የተሰጣቸው መታወቂያ አላቸው፤ አሳዩን በሉ። ከመክፈላችሁ በፊት ደግሞ በጽሑፍ ሁለት ነገር ጠይቁ፤ «የካቴድራሉና የአልካዛር መግቢያ በዋጋው ውስጥ አለ ወይ? በስንት ሰዓት ነው የምንገባው?» የመግቢያ ሰዓት ሊነግራችሁ ያልቻለ ሻጭ በእጁ ትኬት የለውም።

«ነጻ ጉብኝት» የሚባለውም ነጻ አይደለም፤ መጨረሻ ላይ ጉርሻ ይጠበቅባችኋል፤ እሱንም አስባችሁበት ግቡ። ካቴድራሉ ዙሪያ ደግሞ የጥብስ ቅጠል ዘለላ እጃችሁ ላይ የሚያስቀምጡ ሴቶች አሉ። ስጦታ ይመስላል፤ መዳፋችሁን አንብበው ገንዘብ ይጠይቃሉ። እማዬ ቄጠማ የተሰጣት መስሏት በሁለት እጇ ልትቀበል ስትል ነው የደረስኩባት። እናቶቻችንን አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ የተዘረጋ እጅ መመለስ ነውር ነው ብለው ነው ያደጉት።

ከተበላችሁ በኋላ ምን ይደረጋል ለሚለው የደረስኩበትን ልንገራችሁ። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ በኢንተርኔት የገዛነውን በ14 ቀን የመመለስ መብት አለን እንላለን፤ ቀን ለተቆረጠለት የመዝናኛ አገልግሎት ግን ይህ አይሠራም። እኔም በዚሁ ተማምኜ ስከራከር ነው የተነገረኝ። የሚሠራው ሌላ ነው። ስፔን ውስጥ ለሕዝብ አገልግሎት የሚሰጥ ድርጅት «ኦኻ ዴ ሬክላማሲዮኔስ» የሚባል የቅሬታ ቅጽ እንዲኖረው ግዴታ አለበት። ስሙን በስፓኒሽ ያዙት፤ ስትጠሩት ፊታቸው ይለወጣል። የኛዎቹ ቢሮ መጀመሪያ የለንም አሉ፤ የከተማውን ፖሊስ እጠራለሁ ስል ከመሳቢያ ወጣ። ማስታወቂያውን ገና ሳይቀይሩት በፎቶ አስቀሩ፤ እኔን ያዳነኝ «ካቴድራል፣ ጂራልዳ፣ አልካዛር፤ ሳይሰለፉ» የሚለው ፎቶ ነው። እሱን አያይዤ በካርዴ ባንክ በኩል ገንዘቡ እንዲመለስ ጠየቅኩ። እስካሁን የልጄ 45 ዩሮ ተመልሷል፤ የቀረው 118 በክርክር ላይ ነው። ነዋሪነታችሁ በኅብረቱ አገሮች ከሆነና ሻጩ ያለው በሌላው አባል አገር ከሆነ፣ በየአገሩ ያለው የአውሮፓ የሸማቾች ማዕከል ጉዳዩን በነጻ ይዞላችሁ ይጽፋል። በጀርመንኛ ነው የጻፍኩላቸው፤ መልሰውልኛል።

በማግስቱ ጠዋት ከካቴድራሉ ድረ ገጽ ላይ ሁለት ትኬት ገዛሁ፤ ለልጄ በነጻ። እማዬ ጉልበቷን ስለሚያማት ማማውን አትወጣም ብዬ ነበር። ጂራልዳ ግን ደረጃ የለውም፤ ጸሎት ጠሪው በእንስሳ እንዲወጣበት ተብሎ የተሠራ ተዳፋት መንገድ ነው፤ 35 ተዳፋት፣ እያንዳንዱ ግድግዳው ላይ ቁጥሩ ተጽፏል። ከላይ ጥቂት ደረጃዎች ብቻ አሉ። ግድግዳውን ይዛ፣ ቁጥሩን ጮክ ብላ እየቆጠረች፣ በየአምስቱ እያረፈች ወጣች። ልጄ ስንወርድ አዞውን አገኘችው፤ ከምታስበው በላይ ከፍ ብሎ ስለተሰቀለ አንገቷን ቀና አድርጋ ቆማ ቀረች። ኮሎምበስ የተቀበረበት፣ አራት ነገሥታት የሚመስሉ ሰዎች የተሸከሙት ሣጥን አጠገብ እማዬ የማነው መቃብር አለችኝ፤ ነገርኳት፤ ከኩባ በ1899 እንደመጣም ጨመርኩላት። «አገሩ ሳይገባ ስንት ተንከራተተ» ብላ አማተበች።

አልካዛርን አላየችም። እስከ ማታ በረራችን ድረስ በየሰዓቱ ድረ ገጹን ስከፍት ነበር፤ አንድ ቦታ እንኳ አልተለቀቀም። ቪዛዋ በሐምሌ አለቀና ወደ አዲስ አበባ ተመለሰች።